ቬንዱላ ብቻዋን ወጣች

የክበባችን አውቶቡስ መርከብ ላይ ተጭኖ ላስቶቮ ደሴት በደረሰ ቁጥር ያክሻ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ማንንም እንደማይጠብቅ ሰው ባሕር ባሕሩን እያየ። ማንን እንደሚጠብቅ ግን ከሾፌሩ ጀምሮ ሁላችንም እናውቃለን። የማያውቅ ቢኖር የምትጠበቀው የቬንዱላ አባት ዶክተር ቪሌም ብቻ ነው፤ እሱም ላለማወቅ ስለወሰነ እንጂ ዓይን አጥቶ አይደለም።

እኔ ሚላዳ እባላለሁ። ለብርኖ ከተማ የባሕር ጠላቂዎች ክበብ ምግብ የማበስለው፣ ጀልባ ላይ ተቀምጬ ማን ባሕር ገባ ማን ወጣ እያልኩ የምጠብቀው እኔ ነኝ። በደህናው ጊዜ እኔም ከእነሱ ጋር እጠልቅ ነበር። ጆሮዬ ተበላሽቶ ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ ግን የእኔ ነገር ላይ ላዩን ሆኗል። ቅሬታ የለኝም፤ ላይ የቀረ ሰው ብዙ ያያል።

በዚያ መስከረም ቬንዱላ ከአውቶቡሱ የወረደችው ሁሉም ከወረደ በኋላ ነው። ጸጉሯን ስታስር፣ ደግሞ ስትፈታ፣ ደግሞ ስታስር ሾፌሩ ሊቆልፍባት ምንም አልቀረው። ያክሻ እያንዳንዳችንን ሲጨብጥ ቆይቶ እሷ ጋ ሲደርስ እጁን መዘርጋት ረሳ።

"መጣሽ?" አላት።

"መጣሁ" አለችው።

ዓመት ሙሉ ሳይተያዩ ቆይተው ያወሩት ይኸው ነው። ማቶሽ የሚባለው የክበባችን ቀልደኛ ከኋላዬ ሆኖ "አቤት ወሬ! ቀስ በሉ እንጂ፣ እንዳያልቅባችሁ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን የልጅቷን ጆሮ አየሁት፤ በርበሬ መስሏል።

ነገሩ ከተጀመረ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። እሱ የደሴቱ ልጅ ነው፤ ጀልባ ይነዳል፣ የጠላቂዎችን ሲሊንደር አየር ይሞላል፣ ከእናቱ ከፔሪና ጋር ከወደቡ በላይ ባለች ቤት ይኖራል። እሷ ሕክምና ጨርሳ አባቷ የሚመራው የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ልትቀጠር ነው። ቪሌም ስለ ያክሻ ሲጠየቅ "ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሲሊንደር አሞላሉ ያስመሰግነዋል" ይላል። ሰውን አመስግነህ ከበር ውጭ ማቆም ከፈለግህ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ብርዱ ሲመጣ ይጻጻፋሉ። ቬንዱላ አንዳንዱን ለእኔ ታነብልኛለች። የያክሻ ደብዳቤ ቴሌግራም ነው፤ "ነፋሱ በረታ። ጀልባዋን ቀባኋት። እናቴ ሰላም ብላሻለች። መስከረም ሩቅ ነው።" በቃ። "ይኼ ደብዳቤ ነው ወይስ የአየር ጠባይ ዜና?" ብላት ተቀየመችኝ። ልጅቷ "መስከረም ሩቅ ነው" የምትለዋን ቃል ይዛ በረዶውን ሁሉ ታሳልፋለች፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

በእኛ ክበብ ጥንድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። በመጀመሪያው ምሽት የሁሉም ስም አንድ የጎማ ቆብ ውስጥ ይገባል። ከደረሰህ ሰው ጋር ሳምንቱን ሙሉ አብረህ ትጠልቃለህ፣ አብረህ ትበላለህ፣ የእሱን የመጥለቂያ ልብስ አንተ ታጥባለህ፣ የአንተን እሱ ያጥባል። ባልና ሚስት ቢሆኑም ዕጣው ከለያያቸው ተለያዩ ማለት ነው። ያን ዓመት ከመሃላችን አንዱ ታሞ ስለቀረ ቁጥሩ ጎደለ። ለመሙያ ያክሻን ጨመርነው።

ቬንዱላ እጇን ቆቡ ውስጥ ከትታ አንድ ወረቀት አወጣች። ገልጣ አየችው። አላነበበችውም፤ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

"ማነው?" አለ አባቷ።

"ያክሻ" አለች።

ጠረጴዛው በፉጨት ተናጋ። ቪሌም "ይደገም!" አለ። "ዕጣ አይደገምም፣ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ነህ" አልኩት። ያየኝ አስተያየት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ከዚያ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ትልቁን ደንብ ተናገረ። በየዓመቱ ይናገረዋል፤ በየዓመቱም ድምፁ ይለወጣል። "ታች ጥንድህን ካጣኸው አንድ ደቂቃ ዞረህ ፈልግ። ካላገኘኸው ውጣ። እሱም ያንኑ ያደርጋል። ላይ ትገናኛላችሁ። ከደቂቃ በላይ ታች የሚቆይ ጀግና አይደለም።" ጥንዱን ትቶ ብቻውን የወጣ ካለ ደግሞ ያን ምሽት ሁለቱም ሰው ፊት ቆመው የሆነውን ይናገራሉ። ይህ ደንብ ከየት እንደመጣ አዲሶቹ አያውቁም። የቪሌም የልብ ጓደኛ ጥንዱን ሲፈልግ ታች ቀርቷል። ጥንዱ የተባለው ሰው በዚያ ሰዓት ደህና ሆኖ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ያ ሰው ቪሌም ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ሁለቱ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ጀልባው ላይ እሱ የሲሊንደሯን ማሰሪያ ያጠብቅላታል፤ እሷ የእሱን መተንፈሻ ትመረምራለች። ጠላቂ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ነገር ግን እነሱ ሲያደርጉት ማየት ያሳፍራል፣ ሰው ፊቱን ያዞራል። ምሳ ላይ አንድ ሳህን ሰርዲን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ዓሣው ይቀዘቅዛል፣ እነሱ አይነኩትም።

"ካልበላችሁት ወዲህ በሉት" ይላል ማቶሽ። "ፍቅር ያጠግባል ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ እኔን ግን አጥግቦኝ አያውቅም።"

እኔና ቬንዱላ አንድ ክፍል ነበር የምንጋራው። ማክሰኞ ከባሕር እንደተመለሰች ፎጣዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አክስት ሚላዳ፣ እዚህ ቅሪ አለኝ።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ መቼ አላለም። ቅሪ ነው ያለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"አርብ እነግርሃለሁ አልኩት።"

"ለእኔ ዛሬ ንገሪኛ።"

ፎጣውን ወደ አፏ አስጠጋች። "ልቤማ ቀርቷል። ጭንቅላቴ ነው ሻንጣ የሚያዘጋጀው። እዚህ ሆስፒታል የለም፣ ሥራ የለም፣ አባቴ ደግሞ..." ቅሪም ሂጂም አላልኳት። ደስታዋ ፍርሃት ያለበት ደስታ ነበርና አሳዘነችኝ።

ሐሙስ ዕለት የጠለቁት ከባሕሩ ዳር ገደል ሥር የሰመጠች አሮጌ የጭነት ጀልባ ላይ ነው። ቦታው ደለል የበዛበት ነው፤ ወለሉን ካልነኩት ውሃው መስታወት ይመስላል፣ ከነኩት ግን አለቀ። ማቶሽ እግሩ ትልቅ ነው፤ እግሩ ላይ የሚያጠልቀው መቅዘፊያ ከእግሩም ይበልጣል። አንድ ጊዜ ወለሉን ሲመታው ታች ያለው ሁሉ ወተት ሆነ። ይህን በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ከላይ ያየሁት ከጀልባችን በስተቀኝ አረፋ ሲፈላና የቬንዱላ ራስ ብቅ ሲል ነው።

መተንፈሻውን ከአፏ አወጣች። "ያክሻ ወጣ?"

"አልወጣም።"

"አሁን ይወጣል" አለች። ፈገግ ብላ ነበር። "ማቶሽ አቡክቶብን ተጠፋፋን። ደቂቃዬን ዞሬ ወጣሁ። እሱም እየመጣ ነው።"

ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወጡ። ማቶሽ ወጣ፣ ጥንዱ ወጣ። ቪሌም ወጣ። ያክሻ የለም። ቬንዱላ ወደ ጀልባው ውጪ ስትባል እንቢ አለች፤ የመሰላሉን ብረት በአንድ እጇ ይዛ ፊቷን ውሃ ውስጥ እየነከረች ወደ ታች ታያለች። ፈገግታዋ መቼ እንደጠፋ አላስተዋልኩም።

ከዚያ አረፋውን አየነው። ከእኛ ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ይፈነዳል። አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወደ ገደሉ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይዞራል። በሕይወት አለ፣ ደህና ነው፣ እየፈለጋት ነው። እሷ ደግሞ እዚህ ናት።

"አባዬ፣ ልግባ።"

"አትገቢም።"

"እኔን ነው እኮ የሚፈልገው! እታየዋለሁና ይወጣል!"

"አትገቢም አልኩሽ! አንቺ ስትገቢ እሱ ይወጣል፣ አንቺን ሲያጣ ደግሞ ይመለሳል። ሰው የሚያልቀው እንዲህ ነው!"

ይህን ሲናገር ቪሌም ለራሱ አዲስ ሲሊንደር እያሰረ ነበር። ማሰሪያው አልያዝ አለው፤ እኔ አጠበቅኩለት። ቬንዱላ ይህን አላየችም። እሷ የምታየው አረፋውን ብቻ ነው። አረፋው እየሳሳ መጣ። አየሩን እየቆጠበ ነው፣ ወይም እያለቀበት ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምትለውን ግን አልሰማሁም። እኔ ራሴ ጸሎት የሚባል ነገር ከረሳሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ያን ዕለት ግን ትዝ አለኝ።

ቪሌም ሊዘል አንድ እግሩን ሲያነሳ የያክሻ ራስ ከውሃው ወጣ። አፉን ከፍቶ አየር ሳበ። ዞር ሲል ቬንዱላን መሰላሉ ላይ አያት።

"አለሽ!" አለ። ፊቱ በራ።

ዋኝታ ደረሰችበትና በጡጫ ደረቱን መታችው። "የት ነበርክ?"

"አንቺን ስፈልግ!"

"እኔ እዚህ ነኝ! እዚህ ነበርኩ! እዚህ ነበርኩኮ!"

እየመታችው ታለቅሳለች። እሱ መመታቱንም አልተከላከለም፤ ግራ ገብቶት ብቻ ያያታል። ደስ ይላታል ብሎ ነበር የጠበቀው።

ምሽት ላይ እራት ከተነሣ በኋላ ሁለቱ እንደ ደንቡ ሰው ፊት ቆሙ። ቬንዱላ የሆነውን በአጭሩ ተናገረች፤ ተጠፋፋን፣ ደቂቃዬን ፈለግሁ፣ ወጣሁ። ቪሌም ወደ ያክሻ ዞረ።

"ደንቡን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ፣ ዶክተር።"

"ታዲያ ደቂቃው ሲያልቅ ለምን አልወጣህም? እግርህ ተይዞ ነበር?"

"አልተያዘም።"

"አየርህን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ።"

"እንግዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ትቻት መሄድ አልቻልኩም ነው የምልዎት!"

ቬንዱላ ዞር ብላ አየችው። "እኔ ትቼህ ነው የወጣሁት ማለት ነው?"

"እንደዚያ አልወጣኝም።"

"ወጥቶሃል እንጂ! አንተ ስለምትወደኝ ታች ቀረህ፣ እኔ ስለማልወድህ ወጣሁ። ሰዉ ሁሉ የሰማው ይኼንኑ ነው!"

"ቬንዱላ..."

"አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ነገ እንደዚሁ ብንጠፋፋ ምን ታደርጋለህ?"

ያክሻ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ ቀና አለ። ዋሽቶ አያውቅም፤ ጣጣውም ይኸው ነው። "ነገም አልወጣም" አለ።

ማቶሽ አጨበጨበ። ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ሴቶቹ "ውይ!" አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ደስ ይላል፤ ለማይመለከተው ሰው። ቬንዱላ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

"አጨብጭቡ" አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። "እናንተ መሰላል ይዛችሁ የምትወዱት ሰው ሲያልቅ ቆማችሁ አላያችሁም።"

ወጥታ ሄደች። ቪሌም "ከነገ ጀምሮ ጀልባውን ብቻ ትነዳለህ" አለው ያክሻን። በቁጣ አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። ያክሻ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ ጥፋቱን ሊያገኘው አልቻለም፤ እኔም ያን ምሽት ላሳየው አልቻልኩም።

አርብ ቬንዱላ ባሕር አልገባችም። ወደ ማታ ጠላቂዎቹ ተመልሰው ዕቃቸውን በንጹሕ ውሃ አጥበው ሲጨርሱ፣ እኔ የተሰቀሉትን የጎማ ልብሶች እያገላበጥኩ ነበር። ከልብሶቹ ወዲያ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ቬንዱላ ተቀምጣ ልብስ ታሻለች። የያክሻን ነው። የእሱ ኮቴ ሲመጣ ሰማሁ። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። በእኔ ዕድሜ ሰው ሲያወራ መስማት ነውር መሆኑ ቀርቷል።

"ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ" አላት።

"ዕጣው እስከ ነገ ነው።"

አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ዛሬ አርብ ነው" አለ።

"አውቃለሁ።"

"መልስሽን አልነገርሽኝም።"

"ትናንት የነገርኩህ መስሎኝ ነበር።" ልብሱን በርሜሉ ውስጥ ነከረችው። "ያክሻ፣ አንተ ትናንት አንድ ነገር ትሠራ ነበር። ትዋኝ ነበር፣ ትፈልግ ነበር። እኔ ምንም አልሠራሁም። ዝም ብዬ እስትንፋስህ ሲያልቅ ነበር የማየው። እዚያች ጀልባ አጠገብ ቀበርኩህ። ካንተ ጋር ብኖር ባሕር በገባህ ቁጥር ስቀብርህ ልኖር ነው?"

"ልታጪኝ እንደምትችይ አላሰብኩም። እኔ ነኝ የማጣሽ ብዬ ነው።"

"ለምን አላመንከኝም? 'ቬንዱላ ደንቡን ታውቃለች፣ ላይ ናት' ብለህ እንዴት አላሰብክም?"

በርሜሉ ውስጥ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር።

"አስቤያለሁ" አለ።

"ምን?"

"ላይ ናት ብዬ አስቤያለሁ። እንደውም እርግጠኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል።" ድምፁ ወረደ። "ከወጣሁ ጀልባው ላይ ከአባትሽ ጎን ተቀምጠሽ ነው የማገኝሽ። ከዚያ አርብ ነው። ከዚያ ቅዳሜ። ቅዳሜ ሲሆን አንቺ መርከቡ ላይ ትወጫለሽ፣ እኔ ወደቡ ላይ እቀራለሁ። ታች እስካለሁ ድረስ ግን ገና እየፈለግሁሽ ነው፤ ገና አልሄድሽም። ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ። ለዶክተሩ እንዲህ ብዬ ልናገር?"

ጆሮዬን አላመንኩም፤ ያ በደብዳቤ አራት ዓረፍተ ነገር መሙላት የሚያቅተው ልጅ ነው እንዲህ የሚናገረው። ቬንዱላ ልብሱን ለቀቀችው።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ቅሪ ነው የምትለኝ። በደብዳቤም ቅሪ፣ በዓይንህም ቅሪ። አንድ ቀን ልምጣ ብለኸኝ ታውቃለህ?"

እሱ የበርሜሉን ጠርዝ ያያል።

"ብርዱ ሲገባ እዚህ ጠላቂ አይመጣም። ምን ትሠራለህ?"

"ጀልባዋን እቀባለሁ።"

"ስድስት ወር ነው አንድ ጀልባ የሚቀባው?"

ቀና ብላ አየችው። ጠበቀችው። እኔም የጎማ ልብስ ጨብጬ ጠበቅሁት። በል እንጂ አንተ! ልጅቷ በሩን ከፍታልህ ቆማለች፣ ምን ትጠብቃለህ? አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

"አየህ?" አለች። "እኔ ብቻ ነኝ መምጣት ያለብኝ።"

ልብሱን ጨምቃ፣ ሰቅላ፣ በአጠገቤ አልፋ ሄደች። መኖሬን አይታለች፤ ግድ አልሰጣትም። ያክሻ በርሜሉ አጠገብ እጁን አንጠልጥሎ ተቀምጦ ቀረ። እንደዚያ ቀን ሰው በጥፊ ማጮል አምሮኝ አያውቅም። ልቤም እንደዚያ ቀን ለሰው አዝኖ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሳችን መርከቡ ሆድ ውስጥ ገባ። እንደ ሁልጊዜው ያክሻ ሲሊንደሮቹንና ሳጥኖቹን ከወደቡ እያመላለሰ አውቶቡሱ ሥር ይጭናል። በየዓመቱ የመጨረሻውን ሳጥን ጭኖ፣ በእጁ መዳፍ የአውቶቡሱን ጎን መታ መታ አድርጎ ይወርዳል። ቬንዱላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ በሌላው በኩል የመርከቡን ግድግዳ ታያለች። ግድግዳው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ዓይኗ አብጧል።

"ውረጂና ደህና ሁን በይው" አልኳት።

"ብያለሁ።"

"አላልሽውም።"

"አክስት ሚላዳ፣ እባክዎን።"

ተውኳት። ሞተሩ ተነሣ። ሰንሰለቱ ተንኳኳ፤ የመርከቡ ትልቅ ደጅ ወደ ላይ መዘጋት ጀመረ። ብርሃኑ እየጠበበ ሲሄድ ቬንዱላ አላስቻላትምና ወደ ወደቡ ዞረች። ወደቡ ላይ ማንም የለም። እናቱ ፔሪና ብቻ ከወደቡ በላይ ቤታቸው በር ላይ ቆማለች። ልጅቷ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ ሊሸኛት እንኳ አልቆመም ብላ ነው። ከዚያ ዓይኗ ወረደ። ያክሻ ከመስኮቷ ሥር፣ መኪኖቹ መካከል ቆሟል።

ከአውቶቡሱ እንዴት እንደወረደች አላውቅም፤ እግሬን ረግጣኝ ነው ያለፈችው። ተከትዬ ወረድኩ፤ ማቶሽም ተከተለኝ፣ ሌላውም ተከተለ። አጀብ ሆንን።

"ያክሻ! መርከቡ እኮ ተነሣ! ውረድ!"

"አውቃለሁ።"

"ደጁ ተዘጋ!"

"አየሁት።"

እጁ ላይ አንድ የሸራ ቦርሳ አለ። ሲጭን ሳለ አይቼው ነበር፤ የመሣሪያ መስሎኝ ነው። ቬንዱላም አሁን ነው ያየችው። ቦርሳውን አየች፣ እሱን አየች፣ ቦርሳውን አየች።

"ምንድነው ይኼ?"

"ልምጣ?" አለ ያክሻ።

"አሁን ነው የምትጠይቀኝ? መርከቡ ከሄደ በኋላ?"

"ትናንት ልጠይቅሽ ነበር። ቃሉ አልመጣ አለኝ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣው፤ ያኔ ደግሞ ብቻዬን ነበርኩ።"

"ያክሻ፣ ለእናትህ ነግረሃል?"

"ቦርሳውን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ሦስት ሹራብ ከትታበታለች። 'ሦስት ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር?' ነው ያለችኝ።"

ቬንዱላ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ እዚያው መኪኖቹ መሃል ቆመች። ያክሻ ሊይዛት ፈልጎ እጁን ዘረጋ፤ ከጀርባዋ አባቷን አይቶ እጁን መለሰ።

ቪሌም ቀስ ብሎ መጣ። እኛ መንገድ ለቀቅንለት።

"እስከ መቼ ነው?" አለ ቪሌም።

"ጠላቂዎች መምጣት እስኪጀምሩ፣ ዶክተር። እስከ ፋሲካ።"

"ብርኖ ባሕር የለም።"

"ሰምቻለሁ።"

"ምን ትሠራለህ?"

"ያገኘሁትን።"

"የት ታድራለህ?"

ይህን አላሰበበትም። ዞር ዞር ብሎ አየን። "እኔ ዘንድ" አልኩ። "ባዶ ክፍል አለኝ። ግድግዳው ደግሞ ቀለም ይፈልጋል፤ እሱም መቀባት ይወዳል።" ሰዉ ሳቀ። ቪሌም አልሳቀም። ልጁን ረጅም ጊዜ አየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ይመስላል።

"ስማኝ" አለው። "አንድ ጓደኛ ነበረኝ። እሱም እንዳንተ ነበር። እኔ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።" ቬንዱላ ከእጆቿ ውስጥ ቀና ብላ አባቷን አየችው፤ ያ ሰው አባቷ መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማችው። "ልጄን እኔ የቆምኩበት ቦታ እንዳታቆማት። ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።"

"አላቆማትም" አለ ያክሻ።

"ሐሙስ 'ነገም አልወጣም' ብለሃል።"

"ብያለሁ። ሐሙስ እሷ ስትጠብቀኝ ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበር። አሁን አውቄያለሁ።"

ቪሌም ራሱን ነቀነቀ። ወደ አውቶቡሱ መወጣጫ ሄደ፤ አንድ እግሩን አስቀድሞ ዞረ። "ከኋላ ባዶ ወንበር አለ። ወገብ ይጎዳል፤ ግን ወንበር ነው" አለና ገባ። ከጎኑ ስቀመጥ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይወለውል ነበር።

ሰው ሁሉ ነፋስ ሊቀበል ወደ ላይ ሲወጣ እኔም ወጣሁ። ቬንዱላና ያክሻ ከመርከቡ ኋላ፣ ብረቱን ተደግፈው ቆመዋል። እሱ ደሴቱን፣ ወደቡን፣ እዚያች ትንሽ ቤት በር ላይ አሁንም የቆመችውን ሴትዮ ያያል። እንዲህ ዓይነት መሄድ ሄዶ አያውቅም።

"ያማል?" አለችው ቬንዱላ።

"ያማል" አለ። "አንቺ በየዓመቱ እንዲህ ነበርሽ?"

"በየዓመቱ።"

ያክሻ ዞሮ አያት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

እሷ አንዱን ሹራብ ከቦርሳው አውጥታ ትከሻው ላይ ጣለችለትና እጁን ይዛ አብራው ቆመች።